ብርቅ ሁሉ ውድ አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1967 ሆፕ ሞተር የሚባል አነስተኛ የጃፓን ኩባንያ ኦኤን 360 ብሎ የሰየመውን ትንሽ ጂፕ አወጣ (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሞተሩ ከሚትሱቢሺ የተገዛ ሲሆን 359 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ቤንዚንና ዘይት አብሮ የሚያቃጥል ቱ ስትሮክ ነበር። ጉልበቱ 21 ፈረስ ብቻ ቢሆንም አራቱም ጎማው ይጎትታል። ኩባንያው ሃምሳ ያህል መኪና እንደሠራ አቅሙ አለቀ። በዚያው ዘመን ቶዮታ፣ ብዙዎች ኤፍጄ 40 በሚል ስም የሚያውቁትን የ40 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር ከ1960 እስከ 1984 ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አምርቶ በዓለም ዙሪያ በተነ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በጥንቃቄ የታደሰ ኤፍጄ 40 ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ሲጠየቅበት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የኦኤን 360 ዋጋ ስንት ነው ቢባል ግን የሚመልስ ገበያ ራሱ የለም፤ ሻጩም ገዢውም በጣት የሚቆጠር ነው። ከሃምሳ አንዱ ዋጋው እንኳ ሳይታወቅ ከሚሊዮን አንዱ በመቶ ሺህ ዶላር ከተሸጠ፣ "ብርቅ ስለሆነ ተወደደ" የሚለው የተለመደ ማብራሪያ አንድ ትልቅ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው።

የጎደለው ነገር ፈላጊ ነው። አሮጌ ጂፕ የሚወደደው በመጀመሪያ ብዙ ሰው ስላወቀው፣ ስለነዳው፣ በልጅነቱ ስላየውና ዛሬም ሊያስነሳው ስለሚችል ነው። የቁጥር ማነስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያለውን ፍላጎት ያበዛዋል እንጂ ከምንም አያስነሳውም። ስለዚህ በጊዜው እጅግ የበዛው መኪና በኋላ ዘመን ውድ የመሆን ዕድሉ ከመጀመሪያውኑ ጥቂት ሆኖ ከተሠራው ይበልጣል። ይህን አባባል ለመፈተን ከኦኤን 360 ከራሱ የተወለደውን ቤተሰብ፣ የሱዙኪ ጂምኒን ታሪክ፣ መከተል ይበጃል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እጅግ ብርቅዬውም፣ እጅግ የተለመደውም፣ በሕግ የተከለከለውም፣ ዛሬም በወረፋ የሚሸጠውም ስለሚገኝ ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ ማግኘት ከባድ ነው።

ሱዙኪ የኦኤን 360ን ንድፍ የገዛው በ1968 ነው። በኩባንያው ውስጥ ብዙ ደጋፊ ባልነበረው በዚህ ሐሳብ ላይ የሙጥኝ ያሉት፣ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ኩባንያውን የመሩትና በታኅሣሥ 2024 በ94 ዓመታቸው ያረፉት ኦሳሙ ሱዙኪ ነበሩ። የሚትሱቢሺው ሞተር ወጥቶ የሱዙኪ ሞተር ገባ፤ በሚያዝያ 1970 ኤልጄ 10 የሚል መለያ ያለው የመጀመሪያው ጂምኒ ለሽያጭ ቀረበ። ቅርጹን የወሰነው ሕግ ነው። በጃፓን ኬይ የሚባለው የትንንሽ መኪኖች መደብ ዝቅ ያለ ግብር ይከፍላል፤ በዚያን ጊዜ በመደቡ ለመቆየት ሞተሩ ከ360 ሲሲ፣ ርዝመቱ ከሦስት ሜትር፣ ስፋቱም ከ1.3 ሜትር መብለጥ አልነበረበትም። ሌሎች ጂፖች ከኋላ በር ላይ የሚያንጠለጥሉት ስኮርታ ጎማ በኤልጄ 10 ላይ ርዝመቱን ከተፈቀደው እንዳያሳልፍ ወደ ውስጥ ገባ፤ የአንድ ተሳፋሪ ቦታም ወሰደና መኪናው ባለ ሦስት ሰው ሆነ። ክብደቱ 600 ኪሎ ገደማ፣ ጉልበቱ 25 ፈረስ፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ መጫወቻ ይመስላል። ነገር ግን ራሱን የቻለ ሻንሲ፣ ከፊትና ከኋላ አንድ ወጥ አክስል፣ ለዳገትና ለጭቃ የሚሆን ቀርፋፋ ማርሽ ስለነበረው ከባዶቹ ጂፖች በሚሰምጡበት ቦታ በቅለቱ ይሻገር ነበር። የጂምኒ ዝና ሁሉ የተተከለው በዚህ ንድፍ ላይ ነው፤ ኩባንያው እስከ ዛሬ ድረስ አልተወውም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሞዴሎች ተራ በተራ ይህንኑ ሐሳብ አሳደጉ። በ1972 ሞተሩ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሆነ፤ በ1976 የኬይ ሕግ ሲላላ 539 ሲሲ ደረሰ፤ በ1977 ደግሞ ለውጭ ገበያ 797 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር ፎር ስትሮክ ሞተር ያለው ኤልጄ 80 ተከተለ። ዓለም ሱዙኪን በደንብ ያወቀው ግን ከ1981 ጀምሮ በወጣው የኤስጄ ትውልድ ነው። አንድ ሊትር የማይሞላ ሞተር ያለው ኤስጄ 410 እና 1.3 ሊትሩ ኤስጄ 413 በጃፓን ብቻ ተሠርተው አልቀሩም። በስፔን ሳንታና የሚባለው ኩባንያ ሊናሬስ ከተማ ውስጥ ገጣጠማቸው። በሕንድ ማሩቲ ጂፕሲ ተብለው ከ1985 ጀምሮ ለሦስት አሥርተ ዓመታት ያህል ለሠራዊቱ፣ ለፖሊሱና ለገጠሩ ሰው ተሠሩ። በኢንዶኔዥያ ካታና፣ በፓኪስታን ፖቶሃር የሚል ስም ወጣላቸው። እስከ 2018 ድረስ ሱዙኪ ራሱ እንዳስታወቀው በ194 አገሮችና ግዛቶች 2.85 ሚሊዮን ጂምኒዎች ተሸጠዋል። ስለዚህ ኤስጄ በየትኛውም መለኪያ ብርቅ መኪና አልነበረም።

አሜሪካ የገባው በ1985 መጨረሻ፣ ሳሙራይ በሚል ስም ነው። ዋጋው 6,200 ዶላር ገደማ ስለነበር አዲስ መኪና ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው ወጣቶች ጎረፉበት። በመጀመሪያው ዓመት 47 ሺህ ያህል ተሸጠ፤ በ1987 ሽያጩ 80 ሺህ አለፈ። በ1988 አጋማሽ ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት ሳሙራይ በድንገት ሲታጠፍ የመገልበጥ አደጋ አለው ብሎ "ተቀባይነት የሌለው" የሚል ደረጃ ሰጠው። ሽያጩ ወደቀና በ1989 አምስት ሺህ ገደማ ብቻ ሆነ። ሱዙኪ በ1996 መጽሔቱን ከሰሰ፤ ሁለቱ በ2004 ያለ ገንዘብ ካሣ ታረቁ፤ ሳሙራይ ግን ከአሜሪካ ገበያ የወጣው ከዚያ አስቀድሞ በ1995 ነበር። ይህን ጉዳይ ዘርዝሬ የማነሳው ፍርዱን ለማደስ አይደለም፤ ለዋጋ ጥያቄ የሚጠቅም ማስረጃ ስላለው ነው። ያው አንድ ሞዴል፣ በዚያው አገር፣ በሁለት የተለያየ ብዛት ተሸጧል፤ እስከ 1988 በገፍ፣ ከ1989 እስከ 1995 በጠብታ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሳሙራዮች የበለጠ ይፈለጋሉ። ከፊሉ ምክንያት ቁጥራቸው ማነሱ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ከ1990 ጀምሮ ካርቡራቶሩ ቀርቶ ኢንጄክሽን መግባቱና ሞተሩ በቀላሉ መነሳቱ ነው። ሆኖም ለእነዚያ ጥቂቶች ፈላጊ የፈጠሩላቸው በ1986 እና በ1987 የተሸጡት ከመቶ ሺህ በላይ መኪኖች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በብዛት ባይሸጡ ኖሮ የመጨረሻዎቹን የሚያስታውሳቸው አይኖርም ነበር።

ይህን ለማረጋገጥ የዳይሃትሱ ሮኪን ማስተያየት ይጠቅማል። ይህ ትንሽ ጂፕ አሜሪካ የገባው በ1990 ሲሆን ዳይሃትሱ በ1992 ከዚያ ገበያ ጠቅልሎ ወጣ። በችሎታ ከሳሙራይ የሚያንስ አይደለም፤ በቁጥር ደግሞ እጅግ ያነሰ ነው። ብርቅነት ብቻውን ዋጋ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ሮኪ ከሳሙራይ ብዙ እጥፍ መሸጥ ነበረበት። አልሆነም። የሮኪ ባለቤት የተሰበረ የመብራት መስታወት ወይም ያለቀ የካምቢዮ ጥርስ ለመተካት ሌላ ሮኪ ማፍረስ አለበት፤ የሳሙራይ ባለቤት ግን ስልክ ያነሳል። ሕንድ ጂፕሲን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በመሥራቷ፣ ስፔንና ኢንዶኔዥያም ለዓመታት በመገጣጠማቸው የኤስጄ መለዋወጫ በዓለም ላይ እንደ ልብ ነው፤ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ደግሞ ለዚህ መኪና ብቻ ዕቃ የሚሠሩ ወርክሾፖች አሉ። ብዛት ለመኪና የሚተውለት ትልቁ ውርስ ይህ ይመስለኛል። ትዝታ ሰውን ወደ ሻጩ በር ያደርሰዋል፤ ገንዘቡን ቆጥሮ እንዲከፍል የሚያደርገው ግን ነገ ፍሪሲዮኑ ቢያልቅ የሚተካ መኖሩን ማወቁ ነው።

እዚህ ላይ "ብርቅ" ስንል የምንቀላቅላቸውን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። ከፋብሪካ የወጣው ቁጥር አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ የተረፈው ሌላ፤ ከተረፈው ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው ደግሞ ሌላ። ለትንንሽ ጂፖች ግን ከሁሉም የሚከብደው አራተኛው ነው፤ እንደ ፋብሪካ አወጣጡ ሳይነካካ የቆየው። ሳሙራይ ከ1988 በኋላ ስሙ ሲጎድፍ ያገለገለው ዋጋው ወረደ፤ ርካሽ በመሆኑም የድንጋይና የጭቃ መንገድ ወዳዶች ተረባረቡበት። ላሜራው ተቆረጠ፣ ከፍ ተደረገ፣ ትልቅ ጎማ ገባለት፣ የሌላ መኪና አክስልና ሞተር ተገጠመለት። ብዙው ደግሞ በበረዶ አገሮች መንገድ ላይ በሚበተነው ጨው ዝጎ አለቀ፤ የዚያ ዘመን የጃፓን ላሜራ ስስ ስለነበር ወለሉና የመስታወቱ ዙሪያ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ከመቶ ሺዎች መካከል ያልተቆረጠ፣ ያልዛገ፣ የመጀመሪያ ሸራውና ወንበሩ ያለው ሳሙራይ ማግኘት በእርግጥ አስቸጋሪ ሆኗል። ሰብሳቢዎች ከፍተኛውን ዋጋ የሚከፍሉት ለዚህ ነው። ነገር ግን ይህ ብርቅነት የተወለደው ከርካሽነት ነው፤ መኪናው በብዙ እጅ ስለገባና ያለ ርኅራኄ ስለተሠራበት ነው ሳይነካ የቀረው የከበረው። ኤልጄ 10 ላይ ይህ አልሆነም። ከጃፓን ውጭ በጥቂት ቁጥር ስለተሸጠ ሳይነካካ የተገኘውን ከተነካካው የሚለይለት ሰው ራሱ ጥቂት ነው፤ ዋጋው የሚወሰነውም በገበያ ሳይሆን ያን ቀን በተገናኙት ሁለት ሰዎች ነው።

የኢኮኖሚክስ ሀሁን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ መቃወሙ አይቀርም፤ አቅርቦት ሲያንስ ዋጋ ይወጣል የሚለው ሕግ ለጂፕ ሲሆን ይሻራል ወይ ብሎ። አይሻርም፤ ሕጉ ግን ሁልጊዜ ፍላጎት ባለበት ይቆይ የሚል ቅድመ ሁኔታ አለው፤ በአሮጌ መኪና ዓለም ደግሞ ፍላጎት ባለበት አይቆይም፤ ከአቅርቦቱ ጋር አብሮ ይቀንሳል። ከዚህ የሚጠነክረው ተቃውሞ የሲትሮየን 2ሲቪ ሳሃራ ነው። ሲትሮየን በ1960ዎቹ በሰሜን አፍሪካ በረሃ ነዳጅ ለሚፈልጉ ሰዎች አስቦ ከፊት አንድ ከኋላ አንድ ሞተር፣ ለእያንዳንዱም የየራሱ ማስነሻና የነዳጅ ታንክ ያለው ትንሽ ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ሠራ። ከ700 በታች ብቻ ተመረተ። ዛሬ በአውሮፓ ጨረታዎች ላይ ከመቶ ሺህ ዩሮ በላይ ይሸጣል። ይህ መኪና ጥቂት ነው፤ ውድም ነው። ታዲያ መከራከሪያዬን አያፈርሰውም? እንደ እኔ አያፈርሰውም፤ ያጠነክረዋል። ሳሃራን የሚፈልገው ሰው ሳሃራን ነድቶ አያውቅም፤ 2ሲቪን ግን ያውቃል። ተራው 2ሲቪ በ1948 ለሕዝብ ታይቶ እስከ 1990 በሚሊዮኖች ተሠርቷል፤ የፈረንሳይ ገበሬ፣ ቄስና ተማሪ ሁሉ ነድቶታል። ሳሃራ የዚያ ትልቅ ቤተሰብ እንግዳ ልጅ ነው። አብዛኛው አካሉ ከተለመደው 2ሲቪ ስለሚመጣ ማህበሩም፣ ባለሙያውም፣ መለዋወጫውም ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው። በሚታወቅ ስም ውስጥ የሚገኝ ጥቂት ቁጥር ዋጋን ወደ ሰማይ ይሰዳል፤ በማይታወቅ ስም ውስጥ ያለው ያው ጥቂት ቁጥር ዝምታ ብቻ ያተርፋል። ሆፕ ኦኤን 360 የሃምሳ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ታዋቂ ዘመዶች ስላሉት አንድ ቀን ወደ ሳሃራ መንገድ ሊገባ ይችል ይሆናል፤ ቢገባም ግን የሚያስገባው የጂምኒ ብዛት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከተቃራኒው ወገን ይመጣል፤ ብዛት ዋጋ የሚያወጣ ከሆነ ላዳ ኒቫ ለምን ርካሽ ሆነ? ኒቫ በ1977 ከሶቪየት ኅብረት ወጥታ በየአህጉሩ ተሸጠች፤ ትዝታውም፣ ችሎታውም፣ መለዋወጫውም አለ። ያም ሆኖ ያረጀች ኒቫ እንደ ኤፍጄ 40 አልተወደደችም። ይህ ተቃውሞ እውነት ስላለው አባባሌን ማረም አለብኝ፤ ብዛት የሚሠራው ምንጩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ኒቫ በመሠረቱ ሳትለወጥ እስከ ዛሬ ትመረታለች፤ አዲሷን መግዛት የሚችል ሰው ለአሮጌዋ ትርፍ የሚከፍልበት ምክንያት ትንሽ ነው። ላንድ ሮቨር ዲፌንደርን ከዚህ ጋር አስተያዩት። በጥር 2016 በእንግሊዙ የሶሊሃል ፋብሪካ የመጨረሻው ዲፌንደር ከመስመር ሲወጣ፣ ትናንት በሻጭ ቤት የቆመ ተራ መኪና የነበረው በአንድ ጊዜ ሊደገም የማይችል ሆነ፤ ያገለገሉትም ዋጋቸው ተነሳ። በመንገድ ላይ የነበረው ቁጥር በዚያ ቀን በአንድም አልቀነሰም፤ የተዘጋው የነገው ምንጭ ነው።

ምንጩን የሚዘጋው ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ መንግሥትም ይዘጋል። አሜሪካ በ1988 ባወጣችው ሕግ መሠረት ለአገሪቱ የደህንነት ደንብ ያልተሠራ መኪና በቀላሉ የሚገባው 25 ዓመት ከሞላው ብቻ ነው። ይህ ሕግ በጃፓን ጎዳና እንደ ተራ ነገር የሚታየውን የኬይ ጂምኒ በአሜሪካ እንግዳ አድርጎታል። ጃፓን ውስጥ ባለቤቱ ለምርመራና ለግብር ሲል የሚገላገለውን መኪና፣ ዕድሜው በደረሰ ዓመት ነጋዴው ወደ አሜሪካ ጭኖ በጥሩ ትርፍ ይሸጠዋል። ልብ በሉ፤ እዚህ ያለው ብርቅነት በወሰን የተፈጠረ ነው፤ ድንበሩን ሲሻገር ይጠፋል። በየዓመቱም አንድ የሞዴል ዓመት ስለሚፈቀድ በ1998 የጀመረው ትውልድ እንኳ አሁን መግባት ጀምሯል። ይህን የመሰለ ብርቅነት የገዛ ሰው ዋጋው ሊወርድ እንደሚችል ማወቅ አለበት፤ ደጁ ቀስ በቀስ እየተከፈተ ነውና።

የኢትዮጵያ አንባቢ በሕግ የሚዘጋ ደጅ ለዋጋ ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ያውቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከመኪናው ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። የእኛ ገበያ ግን ከሰብሳቢው ገበያ በአንድ መሠረታዊ ነገር ይለያል። አዲስ አበባ ላይ የሠላሳ ዓመት ጂፕ ዋጋውን የሚያወጣው ነገም ሥራ ስለሚሠራ ነው፤ ገዢው ሞተሩን ያስነሳል፣ ሻንሲውን ያያል፣ ሊብሬውን ይመረምራል፤ የመጀመሪያው ሸራ አለ ወይ ብሎ ተጨማሪ የሚከፍል ጥቂት ነው። ሰብሳቢው የሚከፍለው ደግሞ መኪናው ሊሠራው ከሚችለው ሥራ በላይ ነው። ሁለቱን ገበያዎች የሚያገናኛቸው ግን መለዋወጫ ነው። በሁለቱም ቦታ ዕቃ የሌለው መኪና፣ ብርቅም ቢሆን፣ ደላላ የማይነካው ነው።

ፍላጎት እንጂ ቁጥር ዋጋን እንደማይመራ በጉልህ የታየው በቅርቡ ነው። ሱዙኪ በ2018 አራተኛውን የጂምኒ ትውልድ፣ የጥንቱን አራት ማዕዘን ቅርጽ መልሶ፣ አወጣ። በጃፓን የሚያዝዘው ሰው ከአንድ ዓመት በላይ እንዲጠብቅ ተገደደ። በአውሮፓ የጭስ ልቀት ደንብ ስለጠበቀበት የተሳፋሪ ሞዴሉ ከብዙ አገሮች ገበያ ወጥቶ የኋላ ወንበር የሌለው የጭነት ዓይነት ተተካ። አሜሪካ ጭራሽ አልገባም። በእንግሊዝና በአውስትራሊያ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር የተነዳ ጂምኒ ከአዲሱ በላይ ሲጠየቅበት ታየ። ይህ የሆነው በየወሩ በሺዎች በሚመረት መኪና ላይ ነው። ወረፋው ራሱ ብርቅ አደረገው። የወረፋው ጫና ደግሞ ወደ አሮጌዎቹ ዘለቀ፤ አዲሱን ያላገኘ፣ ወይም በአገሩ የማይሸጥለት ሰው፣ ወደ ሳሙራይና ወደ ኤስጄ ዞረ። የ2018ቱ መኪና ያልወጣ ቢሆን ኖሮ የ1986ቱ ዛሬ ያለበት ዋጋ ላይ ባልደረሰ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ የገንዘብ ብዛት ያመጣው ጊዜያዊ ግርግር ነው የሚሉም አሉ። ከፊል እውነት ነው። ከ2020 በኋላ ሰው በኮቪድ ምክንያት ቤቱ ተቀምጦ፣ ወለዱ ረክሶ፣ አዲስ መኪና ሲጠፋ ያገለገለ ሁሉ ተወዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የረገበም ብዙ አለ። ነገር ግን "ዋጋው ጨመረ" የሚለው ራሱ መመዘን አለበት። የሳሙራይ የ1986 ዋጋ 6,200 ዶላር በ2024 የመግዛት አቅም ሲመነዘር 18 ሺህ ዶላር ገደማ ይሆናል። ዛሬ 12 ሺህ ዶላር የሚሸጥ ደህና ሳሙራይ በቁጥር እጥፍ ሆነ ቢባልም በእውነቱ ከአዲስነት ዋጋው በታች ነው፤ ባለቤቱ በመሃል ያወጣው የጋራዥና የኢንሹራንስ ወጪ ሳይቆጠር። ከዚያ በላይ የሚሸጡት ሳይነካኩ የቆዩት ናቸው፤ እነሱም ጥቂት ናቸው። ሌላው የማያስተማምን ነገር የተጠየቀን ዋጋ እንደተከፈለ ዋጋ መቁጠር ነው። በማስታወቂያ ላይ ለወራት የሚቆየው ከፍተኛ ዋጋ በሁሉም ዓይን ውስጥ ይገባል፤ በሁለት ቀን በመጠነኛ ዋጋ የተሸጠው ግን ማንም ሳያየው ይሄዳል። ጨረታ ላይ የተሰበረ ሪከርድም የሚነግረን ስለዚያ አንድ መኪናና ስለሁለት እልኸኛ ተጫራቾች እንጂ በግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ስለቆመው ስለ ጎረቤታችን ጂፕ አይደለም።

ታዲያ የዋጋው መውጣት ለመኪኖቹ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ጂፕ የተሠራው ለጭቃ ነው፤ በመቶ ሺህ ዶላር የተገዛ ኤፍጄ 40 ጭቃ አያይም። ይህ ያሳዝናል፤ ትንንሾቹን ጂፖች የወደድናቸው ገበሬው፣ የደን ጠባቂውና የተራራ መንደር ሐኪሙ ሊገዛቸው ስለሚችል ነበር። በሌላ በኩል ሳሙራይ ሁለት ሺህ ዶላር በነበረበት ዘመን ወለሉ የበሰበሰው ሁሉ ወደ ቆሻሻ ብረት ይሄድ ነበር፤ ዛሬ ያንኑ ወለል ቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ ያዋጣል። ዋጋ ብየዳውን ይከፍላል። ለእኔ ይህኛው ጥቅም ከጉዳቱ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የተረፈ መኪና ዋጋው ሲወርድ ወደ ጭቃው ሊመለስ ይችላል፤ የቀለጠ ግን አይመለስም።

የትናንሾቹና የብርቅዬዎቹ ነገር ግን በዚህ አይፈታም። ኤልጄ 10 ወለሉን አሳድሶ፣ ካርቡራቶሩንና ፒስተኑን ፈልጎ የሚያስነሳው ሰው ከመኪናው የመሸጫ ዋጋ በላይ ያወጣል። ስለዚህ ብዙዎቹ ቆመው ይቀራሉ፤ ቆመውም ይዝጋሉ። ቶዮታ በ2021 ለ40 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር የሞተርና የካምቢዮ ዕቃዎችን ዳግም እንደሚሠራ ሲያስታውቅ፣ ይህን ያደረገው ከሚሊዮን በላይ ለተሠራ፣ ገዢው ለተረጋገጠ መኪና ነው። ለሃምሳውም ኦኤን 360 ሆነ ለጥቂቶቹ ኤልጄ 10ዎች እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚወስን ፋብሪካ የለም። የኤልጄ 10 ባለቤቶች ዋጋውም ሕይወቱም እንዲቃና ከፈለጉ፣ መኪናቸው ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ከማወጅ ይልቅ ተሰባስበው የመስኮቱን ጎሚኒ፣ የፍሬኑን ሲሊንደርና የፒስተኑን ቀለበት በጋራ ማሠራት ይጠቅማቸዋል። ገዢም ቢሆን ከስንት አንዱ ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት እነዚህ ዕቃዎች ከየት እንደሚመጡ ይጠይቅ፤ ለዚህ መልስ ያለው ሻጭ ከፍ ያለ ዋጋ ቢጠራም መብቱ ነው።